የቆመው ፊት

ዮኮሃማ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1982

…ከዚያ፣ ያኔ ልጆች ሳለን፣ ቴሌቪዥኑን ያጠፋው ማን እንደነበረ ላይ ስደርስ ትዝታዬ ይቆረጣል። አንድ እጅ አያለሁ፤ የእጁን ባለቤት አላይም። አንቺ ትሆኚ፣ እማዬ ትሁን። ዜና አንባቢው ስለ ማንቹሪያ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ጥቁር መስታወት። በመስታወቱ ውስጥ አራታችን የሾርባ ሳህናችንን ይዘን ተቀምጠናል። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ምንም።

እትዬ ፉሚኖ፣ በሰላምታ መጀመር የነበረበትን ደብዳቤ በዚህ ጀመርኩት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ ደህና ነኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሙቀት ስላለ ክረምቱን የማየው በመስኮት ብቻ ነው።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፣ አዎ፣ ስለ ማንቹሪያ የተላለፈውን ፕሮግራም ቀድቼዋለሁ። ሙሉውን። ካሴቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ጀርባው ላይ «ቤዝቦል» ብዬ የጻፍኩት እማዬ ድንገት ብታገኘው እንዳትነካው ብዬ ነው። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ በረዶ ልትጠርግ እንደወጣች ጽፈሽልኛል። በዚያን ዕለት የሚጠረግ በረዶ እንዳልነበረም ጽፈሽልኛል።

ሰዎቹ ብዙ ናቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ማንቹሪያ ላይ ሕፃናት ሆነው የቀሩ፣ ቻይናውያን ያሳደጓቸው፣ ዛሬ ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ፣ ጃፓንኛ የማይችሉ፣ አሁን ዘመድ ፍለጋ ቶኪዮ የመጡ ሰዎች። አንድ በአንድ ካሜራ ፊት ይቀመጣሉ። የሚያስታውሱትን በአስተርጓሚ ይናገራሉ፣ «የሚያውቀኝ ካለ» ይላሉ፣ ይነሳሉ፣ ቀጣዩ ይገባል። አንቺ ማየት ያለብሽ ኮፍያ ካደረገው ሰውዬ ቀጥላ የምትመጣውን ሴት ነው። ስሟን አታውቅም። የተወለደችበትን አገር አታውቅም። የምታስታውሰው ብዙ ውሃ እና ከውሃው ማዶ የሚያለቅስ ሕፃን ነው። ግን እኔን ያስደነገጠኝ ንግግሯ አይደለም። አስተርጓሚው ሲናገር ስታዳምጥ አገጯን ወደ ግራ ትከሻዋ ታዘነብላለች። ስልክ ስታነሺ አንቺ እንዲሁ ታደርጊያለሽ።

በቤታችን ስለዚህ ነገር ተነጋግረን ስለማናውቅ የማውቀውን ልጻፍ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። እማዬ ከመጀመሪያው ባሏ ጋር፣ ከሸለቆው ሰዎች ጋር፣ መሬት ይሰጣችኋል ተብላ ማንቹሪያ ሄደች። ባሏን ጦር ሠራዊት ወሰደው፤ አልተመለሰም። ሩሲያውያን ሲመጡ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ሸሸች። አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር፤ በጀርባዋ ነበርሽ። ሚሳኦ አራት ዓመቷ ነበር፤ በእግሯ ነበረች። እማዬ አገሯ ስትገባ አብራት የነበረችው በጀርባዋ ያለችው ብቻ ነበረች። የባሏን ታናሽ ወንድም አገባች፤ እኔ ተወለድኩ። በኋላ መንግሥት የጠፉትን እንደ ሞቱ ቁጠሯቸው ሲል እማዬ ወረቀቱ ላይ ማኅተሟን አሳረፈች። የሚሳኦ ስም በጥቁር ጣውላ ላይ ተጽፎ ሙታኖቻችን ከሚታሰቡበት ቁም ሣጥን ገባ። ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው ሩዝ ይቀርብላታል።

ይኸው ነው። እንዴት እንደጠፋች አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ?

ምስሉን ማቆም ከፈለግሽ መቅጃው ላይ ከግራ ሦስተኛውን ቁልፍ ተጫኚ። ፊቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ መስመር ያልፍበታል፣ ግን ይቆማል። ሰዎቹ ወደ ቻይና የሚመለሱት ማርች 9 ነው። ስልካችሁ ያለው እማዬ ከምትቀመጥበት አጠገብ ስለሆነ አልደውልም።

ሾሄይ


ኢዳ፣ ፌብሩዋሪ 25

ሾሄይ፣

ፓኬቱ በሰላም ደርሷል። ተራራው ገና ነጭ ነው፣ ቢሆንም የአትክልቱ ፕለም ሁለት ሦስት አበባ አውጥቷል። ያደረቅነውን የካኪ ፍሬ ልኬልሃለሁ፤ ለብቻህ አትጨርሰው፣ ለአለቃህም አቅምስ። የእማዬ ጉልበት እንደነበረው ነው። እኔም ደህና ነኝ።

የጠየቅከኝን አላውቅም። በጀርባ የታዘለ ሰው ምን ያያል? ያየሁት ነገር ቢኖር የእማዬን ማጅራት ነው።

እማዬ ጎረቤታችን ኡሜኖ ቤት ስትሄድ ጠብቄ ብቻዬን አየሁት። ቁልፉን ተጫንኩ። እንዳልከው ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ቆመች። ደስ አላለኝም፤ ይህን ለሌላ ሰው መጻፍ አልችልም። ልብሴን ሌላ ሰው ለብሶት መንገድ ላይ እንዳየሁ ሆንኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ልብሱ የማን ነበር መጀመሪያ? ታላቋ እሷ ናት። ማዶ የሚያለቅስ ሕፃን አስታውሳለሁ ትላለች። እኔ ማልቀሴን አላስታውስም። የኔን ልቅሶ እሷ ይዛልኝ ነው የኖረችው?

አጠፋሁት። ካሴቱን ሩዝ ሣጥን ውስጥ ቀበርኩት። ስቀብረው ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በየማለዳው ለሙታኑ ሩዝ የምትሰፍረው እማዬ መሆኗን እንዴት እንደረሳሁ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ይዛው መጣች። በቀሚሷ ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቁርሳችንን በላን። ሻዩን ቀዳሁ።

«ሾሄይ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

«ሠላሳ ሦስት።»

«በዚህ ዕድሜው መዋሸት አልተማረም። በበረዶ ወር ማነው ቤዝቦል የሚጫወተው?»

ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም።

«ለኡሜኖ የተቀዳ የእሑድ የዘፈን ፕሮግራም ነው» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ከእሱ ትብሻለሽ።» ካሴቱን በጣቷ ገፋችው። ከዚያ፣ «ከውጭ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። በረዶ ስጠርግ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የኡሜኖ ቴሌቪዥን ደግሞ እንደ ባለቤቱ ይጮሃል። ውሃ፣ ውሃ ሲል ሰማሁ።»

«ክፈችው» አለች።

ከፈትኩት። እዚህ ላይ ላቁም። ድምፁ ዝቅ ሲል ምስሉ ይበላሻል እንዴ? እማዬ ድምፁን አትፈልገውም።

ፉሚኖ


ዮኮሃማ፣ ፌብሩዋሪ 27፣ በፈጣን ፖስታ

እትዬ፣

አይበላሽም። ድምፁና ምስሉ ቴፑ ላይ መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ዝም ቢል ሌላው አይጎዳም።

ግን ስለ ቁልፉ ያልነገርኩሽ አለ። እኛ ሠራተኞቹ ስለለመድነው ለሰው መንገር እንዳለብን እንረሳለን። በመቅጃው ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከር ራስ አለ፤ ቴፑን እየዳሰሰ ምስሉን የሚያነበው እሱ ነው። ቴፑ ሲጓዝ ዳበሳው አይጎዳውም። ቴፑ ሲቆም ግን ራሱ መሽከርከሩን አይተውም፤ ያንኑ አንድ ቦታ ይፍቀዋል። ስለዚህ አታቁሙት። ማለቴ፣ ጥቂት አይታችሁ ልቀቁት። ለሽያጭ የወጡት መቅጃዎች ምስሉ ሲቆይባቸው በራሳቸው ይለቁታል። ለአዲስ ዓመት ያመጣሁላችሁ ግን ከመጀመሪያዎቹ፣ በእጃችን ከገጣጠምናቸው አንዱ ነው። አይለቅም።

ያኔ ክርክር ነበር። ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ ፋብሪካው የከሰረ ክፍል ብሎ ጥግ ያስቀመጠን። አለቃችን ኩሳካቤ መልቀቂያው ይግባ አለ። እኔ ለምን አልኩ፤ ውስጡ የሚገባው ዕቃ በጨመረ ቁጥር ሣጥኑ ይወፍራል።

«ሰው አንድ ምስል ላይ ምን ሲያደርግ ይቆያል?» አልኩት።

«አንተ የሱሞ ትግል አይተህ አታውቅም? የኔ አገር ሰዎች ማን ቀድሞ መሬት ነካ ብለው እስኪደባደቡ ያቆሙታል።»

«ይደባደቡ። እራት ሲቀርብ ይለቁታል።»

ሁሉም ሳቁ። ኩሳካቤም ሳቀ፣ ግን አስገባው።

ስንሠራው የምናስበው ስለ ሱሞ ነበር፤ ስለ ቤዝቦል፤ ማታ ፈረቃ ሠርቶ የሚወደው ተከታታይ ድራማ ስለሚያመልጠው ሰው። ሰዎችን ከማሰራጫው ሰዓት ነፃ እናወጣለን እንል ነበር። ኩሳካቤ ይህን ሲናገር ይቆም ነበር፤ ቁጭ ብሎ መናገር የማይገባ ነገር ይመስል። እኔም አምን ነበር፤ ዛሬም ባላምን እንጀራዬ ነው። ግን ከእኛ ሣጥን በፊት ያለፈ ነገር ያልፍ ነበር። አንዲት እናት ፊት አይታ «እሷ ትሆን?» ብላ ልቧ ይመታ ነበር፣ ፊቱ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ይመጣል፣ መብራት ታጠፋለች፣ ትተኛለች። በማግስቱ «ዓይኔ ነው» ማለት ትችል ነበር። አሁን ያንን አንችልም።

ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንደዚህ የጻፍኩልሽ። ይቅርታ።

እባክሽ፣ እማዬ ምን አለች? ሳይገባኝ ቀረ። ክፈችው ካለች በኋላ ያለውን አልጻፍሽም።

ሾሄይ


ኢዳ፣ ማርች 2

ሾሄይ፣

ለካኪው ያመሰገንከው ምስጋና ከደብዳቤህ በፊት በኡሜኖ በኩል ደረሰን፤ እዚያ አንተ ጋ ላለችው ልጇ ነግረሃት ኖሯል። የፀደይ ጭጋግ ሸለቆውን ሸፍኖታል። ሰውነትህን ጠብቅ።

ማስጠንቀቂያህ ሲደርስ ያለቀ ነገር ነበር።

እማዬ ምንም አላለችም፤ ለዚያ ነው ያልጻፍኩት። ፊቷ ሲመጣ ቁልፉን ተጫንኩ። እማዬ መቀመጫዋን እየጎተተች ቀረበች። ምሳ አቀረብኩ፣ እዚያው በላች። ላጥፋው ስል እጄን መታችኝ፤ ልጅ ሆኜ ጣፋጭ ስሰርቅ እንደምትመታኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ኡሜኖ በመቅጃችን የምናቆይላትን የእሑድ ዘፈኗን ልታይ መጥታ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ደግሞ ማናት ይቺ ሴትዮ? ዛሬም አልሄደችም?» አለች።

«እንግዳ ናት» አለች እማዬ። «አንቺ ስትመጪ እንግዳ አይኖርም እንዴ?»

«አይ፣ እንግዳማ ቢሆን ሻይ ይቀርብለት ነበር።»

እማዬ ተነስታ ሻይ ቀዳች። ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠችው። ኡሜኖ ጫማዋን መልሳ አጥልቃ ሄደች።

እማዬ የተናገረችው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ አይደለም። ዓይኗን ከፊቱ ሳታነሳ፣ «ወንዙ ሞልቶ ነበር» አለች። «ሁለቱን አንድ ላይ ማሻገር አይቻልም ነበር። ትንሿን አሻግሬ ልመለስ ነበር።»

ሌላ አልጨመረችም። እኔም «ከዚያስ?» ማለት አልቻልኩም። ሾሄይ፣ «ከዚያስ» ብዬ ብጠይቅ መልሱ እኔ ነኝ። ማዶ ደርሻለሁ።

መጀመሪያ ጉንጯ ላይ ነጫጭ ነጥብ ወጣ፤ በረዶ ጣለባት ብለን ሳቅን፤ አዎ፣ እማዬም ሳቀች። ቀጥሎ መስመሩ ወፈረ። አገጯን የምታዘነብልበት ቦታ ተቆራረጠ። ትናንት ከመጀመሪያው ስናጫውተው ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ይናገራል፣ ከዚያ ጫጫታና ጭጋግ፣ ከዚያ ከወንበሩ ተነስታ የምትሄድ ሴት ጀርባ። ፊት የለም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ጀርባዋ ብቻ።

ኡሜኖ ስትሰማ፣ «በዓይናችሁ በላችኋት» አለች።

«ምላስሽን ሰብስቢ!» አለቻት እማዬ። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ጋዜጣ ላይ የወጣውን የሴትየዋን ፎቶግራፍ ለእማዬ አሳየኋት። «ይቺን አላውቃትም» አለች፣ ገፋችው። እውነቷን ነው፤ ፎቶግራፉ ላይ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። «የሠራው ሾሄይ ነው፣ ሾሄይ ይመልሰዋል» ትላለች። ካሴቱን ልላክልህ? ይመለሳል?

ፉሚኖ


ዮኮሃማ፣ ማርች 4፣ በፈጣን ፖስታ

እትዬ፣

አይመለስም። አትላኪው። የተፋቀ ቴፕ ላይ ያለ ነገር ተደብቆ አይደለም፤ የለም። እኔ የቀዳሁት አንዴ ነው፣ ለማሰራጫውም ደውዬ ነበር፤ ለግለሰብ አንሰጥም አሉኝ፣ በጨዋ ቃል።

ያልነገርኩሽ ደግሞ አለ። እሑድ ዕለት ቶኪዮ፣ ሰዎቹ የሚያርፉበት ሕንፃ ሄጄ ነበር። ምን ልሠራ እንደሄድኩ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ፎቶግራፍ በእጃቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ያገኙት ሰው ፊት ላይ ያስጠጉታል። መዝገብ ቤት አንድ ሰውዬ ነበር፤ ድምፁ ከመጮህ የተዘጋ። ስለ ሴትየዋ ጠየቅኩት።

«ምኗ ነህ?» አለኝ።

«ወንድሟ… ልሆን እችላለሁ።»

«ጌታው፣ ‹ልሆን እችላለሁ› የሚለውን ወረፋ እዚያ በስተቀኝ ያገኙታል፤ እስከ በሩ ይደርሳል። እናት አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ እናትየው የት አለች?»

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። በወረቀት ላይ ሞታለች ተብሎ ማኅተም የተደረገባት ልጅ ብትሆን እናቷ ትከሰሳለች ወይ አልኩት። «ለዚህ ይሆን ሰው የማይመጣው?» አለ። «ንገራት፣ የመጀመሪያዋ አይደለችም። መዝገቡ ይስተካከላል። ሴትየዋን ግን እስካሁን የጠየቃት የለም። ሌሎቹ እየተጠሩ ሲገቡ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።»

አላየኋትም። ሳላያት እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ ቶሎ ወጣሁ። አያታለሁ ብዬ ፈርቼ ማለት ነው ትክክሉ።

እማዬ ፊቱን ካጣችው፣ ፊቱ እስከ ማርች 9 ጠዋት ድረስ ቶኪዮ ውስጥ አለ። ቴፕ አያስፈልግም። አውቶቡሱ ሺንጁኩ መናኸሪያ ያደርሳችኋል፤ እዚያ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። እሷ ባትሆንስ ትይኝ ይሆናል። እሷ ባትሆን እናውቃለን። እንቅልፌን ያሳጣኝ ሌላው ነው፤ እሷ ሆና ኮሪደሩ ላይ እንደተቀመጠች መሄዷ።

ለእማዬ አንብቢላት። እባክሽ።

ሾሄይ


ኢዳ፣ ማርች 5

ለውድ ወንድሜ ሾሄይ፣

ቀኑ እየረዘመ፣ ብርዱ እየለዘበ ባለበት በዚህ ወቅት ጤንነትህ እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን።

ሺንጁኩ አትጠብቀን። ደብዳቤህን አንብቤላታለሁ። እማዬ አትሄድም። ሞታለች ብዬ ማኅተም ያሳረፍኩባትን ልጅ በምን ዓይኔ አያታለሁ አለች። ሙታን ሩዛቸውን እየበሉ ነው፣ ሰላማቸውን አትንሷቸው አለች። ስለዚህ ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል። አንተም ሥራህን ሥራ፤ ወደዚያ ሕንፃ ደግመህ አትሂድ፤ ወደዚህም እንዳትመጣ፤ መንገዱ አድካሚ ነው።

ለደከምክበት ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን።

ከልብ ሰላምታ ጋር፣
ፉሚኖ


ዮኮሃማ፣ ማርች 6

እትዬ፣

እሺ።

ደጋግሜ አነበብኩት። የአንቺን ድምፅ ላገኝበት አልቻልኩም። «ከልብ ሰላምታ ጋር» ብለሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም፤ «ውድ ወንድሜ»ም ብለሽኝ አታውቂም፤ ደግ ስትሆኚ «አንተ ደደብ» ነው የምትይኝ። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪ። ካሴቱን ባልልክላችሁ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ አይደል? እማዬ በረዶ ስትጠርግ የሰማችውን ውሃ ከኡሜኖ ቴሌቪዥን ጫጫታ ጋር ትረሳው ነበር። ወይም አትረሳውም ነበር። አላውቅም።

ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ አዲሱን ሞዴል አስመረቁ። ቀጭን ነው፣ ያምራል፣ ምስሉ ሲቆም አይንቀጠቀጥም። ሁሉም አጨበጨበ። ኩሳካቤ ምን ሆነሃል አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት።

አልደውልም። አልመጣም። እንዳልሽው።

ሾሄይ


ቶኪዮ፣ ማርች 8

አንተ ደደብ፣

ይህን የምጽፈው አንተ ያን እሑድ ከመጣህበት ሕንፃ፣ ኮሪደር ላይ፣ ጉልበቴ ላይ ነው። ካንተ በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ነኝ፤ አንተም አታውቅም። ይቅር በለኝ። ያለፈውን ደብዳቤ እማዬ ናት ያስጻፈችኝ፤ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ቃል በቃል፣ «ከልብ ሰላምታ ጋር» የሚለውን ጨምሮ። የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ንግግር ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ኮሪደር ላይ ተቀምጣ የሚለው ላይ ስደርስ፣ «በቃ» አለች፣ «ወረቀት አምጪ።»

«እንሄዳለን ብዬ ልጻፍለት?»

«አንሄድም ብለሽ ጻፊ።»

«ልንሄድ ነው ወይስ ልንቀር?»

«ልንሄድ ነው። ሾሄይ አይምጣ።»

ለምን ብዬ ጠየቅኳት። መልሷን ልደብቅህ አስቤ ነበር፤ በአውቶቡስ ውስጥ ሁሉ ሳስበው መጣሁ። እንዳለ ልጻፈው፤ «አባቱን ቁርጥ ነው። ያቺ ልጅ ገና ስታየው፣ እናቴ ስታጣኝ ሌላ ባል አግብታ ሌላ ወለደች ብላ ነው የምታስበው። መጀመሪያ እኔን ትይ። እሱ ጥሩ ልጅ ነው፣ ይገባዋል፤ በኋላ ይመጣል።» በኋላ መቼ እንደሆነ አልተናገረችም። ሰዎቹ ነገ ጠዋት ይሄዳሉ።

ዛሬ ጠዋት ተነሳን። አውቶቡሱ ውስጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። በቻይንኛ እየቆጠረች ነበር። ሾሄይ፣ እማዬ ቻይንኛ እንደምታውቅ ታውቅ ነበር?

«የማውቀው የገበያ ቃል ነው» አለችኝ። «‹ውድ ነው›፣ ‹ጨምር›፣ ‹ሂድ›። ሌላ አላውቅም። ልጄን ምን ልበላት? ‹ውድ ነው› ልበላት?»

«አስተርጓሚ አለ» አልኳት።

«አስተርጓሚማ አለ» አለች። «አስተርጓሚ ፊት ምን ይወራል?»

ከሺንጁኩ ታክሲ እምቢ አለች። በዚያ ጉልበቷ ከእኔ ፊት ቀድማ ሄደች፤ መንገዱን የምታውቀው ይመስል። እዚህ ስንደርስ ሕንፃው ባዶ እየሆነ ነበር። ሻንጣዎች በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። ያገኙትና ያላገኙት አንድ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ከአንዱ ክፍል ልቅሶ ይሰማል፣ ከሌላው ሳቅ፤ ከየትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ድምፁ የተዘጋውን ሰውዬ አገኘነው። እማዬ ስሟን ተናገረች፣ ሸለቆውን ተናገረች፣ ወንዙን ተናገረች። ሰውየው ጻፈ። የእኔን ፊት አየ፣ ብዕሩን አስቀመጠ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። እማዬ ቆማ ጠበቀች፤ ወንበር አምጥቼ ነበር፣ አልተቀመጠችም። የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

«እኔስ ምን ልበላት?» አልኳት። ጥያቄው ለእሷ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። ያ ሕፃን እኔ ነበርኩ ልበል? ይቅርታ ልበል? በጀርባ የታዘለ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል? ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አስተርጓሚ እንዳይቸገርበት አጭር አድርጌ።

እማዬ የአንገቴን ሻርፕ አስተካከለችልኝ፤ አጥብቃ፣ ሊያንቀኝ እስኪደርስ።

ሰውየው ተመልሶ መጣ። አንዲት ወጣት አስተርጓሚ አብራው ነበረች። በሩን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ስንት ሰው ነው የሚገባው?» አለ።

እኔ አንድ እርምጃ ተራምጄ ነበር። እማዬ ዞራ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እንደማታውቀኝ፤ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳወቀችኝ።

«እኔ ብቻ» አለች።

ቦርሳዋ እጄ ላይ ቀረ። ከውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ አንድ ሰው ተነሳ። እማዬ ገባች። በሩ ተዘጋ።